እማ ቅድስት አይደለችም

«እዩት እስኪ፣ ብርሃን ከቧታል!» አለች ለቅሶ የመጣች ጎረቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቿን ፎቶ እያየች። ሌሎቹም የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን አሰገጉ። እውነትም በራሷ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይታያል።

«ቅድስት ነበረች እኮ! ክፉ ቃል ካፏ አይወጣም» ብለው ተንሾካሾኩ።

የሟቿ ልጅ አፏን በመዳፏ አፈነች። ክፉ ቃል ካፏ አይወጣም? ከእማ አፍ? እዚያ ላውንደሪ ቤቷ ውስጥ፣ «ሸሚዜን አጠበብሽብኝ» ብሎ የመጣውን ደንበኛ፣ «ሸሚዙስ እንደ ድሮው ነው፤ ሆድህን ጠይቀው!» ብላ የመለሰች ሴት?

ቀለበቱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ከአጎቷ ፎቶ ቤት ነው የመጣው። ፎቶውን በስልኳ ያነሳችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ እናቷ የካውያው እንፋሎት መሀል ቆማ፣ «ቶሎ በይ፣ ልብሱ ሊያርርብኝ ነው!» እያለቻት። እንፋሎቱ ሁሉን ነገር ግራጫ አደረገው። አጎቷ ታዲያ ይጉላ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃንና ጥላን የሚያራርቀውን የኮንትራስት ማንሸራተቻ እስከ ጥጉ ጎተተው። ፊቷ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ጠጠረ፤ በጸጉሯ ጠርዝ ያ ነጭ ቀለበት በቀለ።

ነገ ይኸው ምስል የመቃብሯ ድንጋይ ላይ ሊታተም ነው። አባቷ ግን አንዴ አየት አድርጎ፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ፊቱን አዙሯል። ልጅቷን ከተቀመጠችበት ያስነሳት ይህ ነው። ወደ ፎቶ ቤቱ ገሰገሰች።

«አጎቴ፣ እንደገና እንሥራው።»

«ተይ አንቺ! ሰው ሁሉ ወዶታል እኮ።»

«የሰው ሁሉ እናት አይደለችማ!»

«ምላስሽ የእሷው ነው» አለና ወንበሩን ለቀቀላት።

ከዋናው ፎቶ ጀመረች። እንፋሎቱን አልነካችውም፤ እንፋሎት ነዋ፣ ይጋርድ። ስክሪኑ ላይ የማጉያ ብሩሹን አሳንሳ ዓይኖቿን ብቻ ትንሽ፣ የአፏን ጥግ ትንሽ፣ ከጉንጯ ሥር ያለውን ጥላ ለአመል ያህል አጎላች።

«ጨምሪበት እንጂ! ምኑ ተለወጠ?» አለ አጎቷ ከኋላዋ።

«ከታወቀማ አበላሸሁት ማለት ነው።»

ተነስታ ከበሩ ሆና አየችው። የጉንጯ ጥላ በዝቷል። ተመልሳ ቀነሰችው። እንደገና ራቀች። እናቷ አሁን የሆነ ሰው ልትሰድብ አፏን ልትከፍት የደረሰች መሰለች።

«በቃ። እሷ ናት።»

አዲሱ ፎቶ ሲሰቀል ጎረቤቲቱ ደነገጠች። «ውይ፣ ብርሃኑስ?»

«እማ አጠፋችው። ቆጣሪ ይቆጥራል ብላ።»

ከጥግ አንድ አጭር ሳቅ ተሰማ። አባቷ ነው። ተነስቶ ወደ ፎቶው ቀረበ። ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ ቀለበቱ ውጦት የነበረ አንድ ቀጭን ክር፣ ከማን ልብስ እንደ ተነቀለ እንጃ፣ ጸጉሯ ላይ ተጣብቆ ይታያል። አባቷ ሁለት ጣቶቹን አገጣጥሞ፣ ከፎቶው መስታወት ላይ፣ ክሩን ሊያነሳላት ሞከረ። እንደገናም ሞከረ።