ሦስተኛው ጥሪ

ቢቸና ውስጥ ያን የብረት ማማ የማያውቅ የለም። ያቆመው አካለ ወልድ ነው። መምህር ነበር፤ ደሞዙን በብረትና በሽቦ የሚጨርስ፣ አይቶት ከማያውቀው አገር ሰው ጋር በሬዲዮ ካላወጋ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። «ምን ያደርግልሃል?» ሲሉት ይስቃል። አይ ሳቅ! በሰባ ዓመተ ምሕረት የመንግሥት ሰዎች «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብለው ወደ ሞጣ ወሰዱት። አንቴናውን የሚሸከመውን ምሰሶ ከማማው ነቅለው ጣሉ፤ ሬዲዮውን ወረሱ። እሱም በዚያው የውሃ ሽታ ሆነ።

እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀሱም። እንዴት ያልቅሱ? ሞተ ያላቸው የለ። ቢሞትስ እንዲያ ለተወሰደ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። ጥቁር አልለበሱ፣ ተዝካር አላወጡ። «አካሌ» ይሉት ነበር ሲያቆላምጡት፤ ስሙን እንኳ ከጎረቤት ተደብቀው ነው የሚጠሩት።

ታዲያ በሰባ ሁለት ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያው መንግሥት ሬዲዮ አማረው። ከሞጣ ጋር መነጋገሪያ ያስፈልጋል ተባለና ታናሽ ወንድሙ የሻው ተጠራ፤ የአካለ ወልድን ሥራ ያየ ሌላ ማን አለና! የሻው እምቢ አላለም። ሞጣ ሬዲዮው ላይ የተቀመጠው ፋንታ የወንድሙ አብሮ አደግ ነው። አለቆቹ ለምሳ ሲወጡ «አለ ወይስ የለም?» ብሎ አንዲት ቃል ቢጠይቀው እናቱ ቁርጣቸውን አውቀው ያርፋሉ።

ሥራው ያንኑ የተጣለውን ረጅም ምሰሶ በማማው ሆድ ሽቅብ ስቦ፣ ከአናቱ ባለችው ቀለበት አሹልኮ፣ በብሎን ማጥበቅ ነው። የሻው ከማማው አናት ወጣ፤ ሁለት ሠራተኞች ከታች በገመድ ሳቡለት። ምሰሶው ግን ቀለበቷ ጋ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ። የሻው ገፋ፣ ተሳደበ፣ ላብ በላብ ሆነ። በኋላ ወንድሙ «አትግፋው፣ አዙረው» ይለው የነበረው ትዝ አለውና ቀስ አድርጎ ቢያዞረው ሰተት ብሎ ገባ። በምሰሶው አፍ ላይ ነፋስ እንዳያፏጭበት አካለ ወልድ የወተፋት የእናታቸው ነጠላ ቁራጭ እስካሁን አለች። የሻው በጣቱ ዳሰሳት። ብሎኑን እያጠበቀ ሳለ ከጆሮው ሥር «የሻው!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ቁልቁል አየ። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ነፋስ የለም፤ ቀትር ነው። «አቤት» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስጠነቅቁት ነገር ነበር። «በቀትር የማታየው ሰው ቢጠራህ ሦስተኛውን ሳትሰማ አቤት እንዳትል። ሕያው ሦስቴ ይጠራል፤ ሙት ከሁለት አያልፍም። አቤት ካልኸው ይዞህ ይሄዳል።» እሱም ፀሐዩ ነው ብሎ ራሱን አጽናንቶ፣ አንቴናውን አስሮ ወረደ።

አለቆቹ ወጥተዋል። ወይዘሮ ይርጋነሽ ምሳ አመጣሁ ብለው ዘበኛውን አልፈው ከሬዲዮ ክፍሉ ገብተው ተቀመጡ። የሻው ሬዲዮውን ከፈተ። «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ነኝ!» «ሽሽሽ» የሚል ሽሽታ ብቻ። ደግሞ ጠራ። ሽሽታው ጸጥ አለና «የሻው!» አለ።

እናትየው ብድግ አሉ። ድምፁን ማን ይሳሳተዋል? የአካለ ወልድ ነው።

«የሻው!»

ሁለት። ሦስተኛውን ጠበቁ። ወይዘሮ ይርጋነሽ «ድገመው፣ ልጄ፣ በማርያም አንዴ ድገመው» ይላሉ። አልደገመም። የሻው አላስቻለውም፤ ካልመለሰለት የሚያጣው መሰለው። መናገሪያውን ተጭኖ አፉን ሲከፍት እናቱ በመዳፋቸው ከደኑትና መናገሪያውን ነጠቁት።

«አቤት፣ አካሌ! እናትህ ነኝ። እሱን ተወው፣ እኔ እመጣለሁ።»

ሬዲዮው ወዲያው ሽሽታውን ቀጠለ። ቆይቶ የፋንታ ድምፅ መጣ። «ቢቸና፣ ሞጣ ነኝ። ገና አሁን መክፈቴ ነው፤ ይሰማል?»

«ፋንታ፣ ቅድም የጠራኝ ማነው?» አለ የሻው።

«ኧረ እዚህ ማንም የለ።»

«ወንድሜስ?»

ፋንታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አልጮኹም። የምሳውን ዕቃ ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ተኙ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።

ለአሮጊት እናት ማልቀስን የሚከለክል የለም። ቢቸና ነቅሎ ወጣ። የቀበሌው ካድሬም ማን ምን እንደሚል ሊሰማ ከለቀስተኛው መሐል ገባ። የሻው ሬሳው ፊት ቆሞ ደረቱን እየደቃ «አካሌ!» አለ። እናቱን የሚቀብር ሰው አካሌ ቢል ምን ነውር አለው? ለቀስተኛው ግን ገብቶታል፤ ሁለት ዓመት የታፈነውን እንባ አብሮት አወረደው። «አካሌ!» አለ ደግሞ። ሦስተኛውን ጠርቶ ሬሳው ላይ ሊወድቅ ሲል ካድሬው ደግፎ ያዘውና «አይዞህ፣ እናት እኮ ናት፣ አልቅስ» አለው።