የራሱን ሙት ዓመት የሚበላው ሰው

ሙይ ለባሏ አራተኛ ሙት ዓመት ዶሮ ስትመርጥ፣ ባሏ «ወፈር ያለችው ትሁን» ብሎ ልኮባት ነበር።

እንዲህ ያለ ጉድ ለማን ይነገራል? ከአማቷ ከእማማ ንጋን በቀር የሚያውቅ የለም። እሳቸው ደግሞ የሚያኝኩትን ቅጠል ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዛውረው፣ «ልጄ ድሮም የዶሮ ጭን ነው የሚወድ» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

ኪየም ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በወረቀት። አገሩን የያዙት ፈረንሳዮች የን ቴ በሚባለው ጫካ የሸፈቱባቸውን ገበሬዎች ሰፈር ከበው ያቃጠሉ ጊዜ፣ የመንደሩ ሹም ላት የሟቾችን ዝርዝር ይዞ መጣና ሙይ ደጅ ላይ ቆሞ አነበበ። የኪየም ስም ሦስተኛው ነበር። ሙይ አለቀሰች፤ የሐዘን ነጭ ጨርቅ በራሷ ላይ አሰረች፤ አሥራ አንድ ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሟቹ በጓሮ በኩል፣ በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ሾልኮ ገባና «የሚቀመስ ነገር አለ?» አላት። ሙይ መጀመሪያ አቀፈችው፤ ቀጥላ በመጥረጊያ መታችው።

ከዚያ ወዲያ የኪየም መሞት ለሁሉም የሚበጅ ሆኖ ተገኘ። በሕይወት ያለ ሸማቂ ቤቱ ይቃጠላል፣ እናቱ ትታሰራለች፤ የሞተው ግን ፈላጊ የለውም። ችግሩ የሞተ ሰው ሙት ዓመት ያለው መሆኑ ነው። ሙት ዓመቱ ያልወጣለት ሟች ያስጠረጥራል። ስለዚህ በየዓመቱ በሦስተኛው ወር ዶሮ ይታረዳል፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ሩዝ ይቀቀላል፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ሹም ላት ከምንጣፉ ራስጌ ይቀመጣል፤ ሙይም ከባሏ አያቶች የመሥዋዕት መደብ ፊት ተንበርክካ ታለቅሳለች። ኪየም ደግሞ ከዓመቱ ቀን ሁሉ ይህችን ቀን አይስትም። ጎህ ሳይቀድ ጎተራው ውስጥ ይገባል። ጎተራው ከእንግዶቹ ክፍል የሚለየው በሸምበቆ ግድግዳ ብቻ ነው። በቅርጫቶቹ መካከል ተኮራምቶ፣ ሰዎቹ ስለ ደግነቱ ሲያወሩ እየሰማ፣ ድርሻውን ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሙይ ልቅሶውን አጋምሳ፣ ራሷን ወደ ግድግዳው ዘንበል ባደረገችበት ቅጽበት፣ ከወዲያ በኩል ሹክሹክታ መጣ። «ሾርባው ጨው ያንሰዋል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጨው ያንሰዋል! ጨው እኮ በዚያ ዘመን ከፈረንሳዮች መደብር ብቻ የሚገኝ፣ እንደ መድኃኒት የሚቆጠብ ነገር ነበር። እሷ ደግሞ ካላት ላይ እየቆጠበች በየዓመቱ አንድ የቀርከሃ ቀሰም ሞልታ፣ አፉን በራሷ ቋጠሮ አስራ ወደ ጫካ ትሰደዋለች። ሙይ ከንዴቷ ብዛት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሹም ላትም ራሱን ነቅንቆ፣ «ምስኪን! ከልቧ ነው እኮ የምታለቅስ» አለ።

ሟቹ ሙት ዓመቱን በልቶ በሄደ በዘጠኝ ወሩ ሴት ልጅ ተወለደች።

መንደር መቁጠር ያውቃል። ሙይን አደባባይ አውጥተው ፀጉሯን ላጩ፤ ራሷ ላይ ኖራ ቀቡ፤ ነጋሪት እየመቱ ከዳር እስከ ዳር አዞሯት። «የማን ናት?» አሏት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኪየምን ፈልገው ይገድሉታል፤ አልተነፈሰችም። እማማ ንጋንም ከሕዝቡ መካከል ቆመው አዩ፤ እሳቸውም አልተነፈሱም። ሙይ ስለዚህ ዝምታ አላቄምባቸውም ትላለች እንጂ ቂሟን በየቀኑ ታወጣዋለች፤ የአሮጊቷን ሩዝ ጠንከር አድርጋ ትቀቅላለች። ልጅቷን ሴን አለቻት። ሰፈርተኛው ግን «የጭስ ልጅ» አላት፣ አባቷ በመደቡ ላይ የሚጨሰው እጣን ይሆናል እያለ። ድግስ በሆነ ቁጥር ሴን ከዘመድ ጋር አትቀመጥም፤ ለመደቡም አትሰግድም። ጓዳው በር ላይ ነው የምትበላው፣ ከውሻው ጋር።

በሦስተኛው ሙት ዓመት፣ እንግዶቹ ጠግበው ከወጡ በኋላ፣ ሙይ የዶሮውን ጭን ይዛ ጎተራ ገባች።

«ሙይዬ፣ ሾርባው—»

«ስለ ሾርባው አንዲት ቃል ጨምርና ሄጄ ለሹም ላት እነግረዋለሁ!»

«አትነግሪውም።»

«አልነግረውም! እሱ ነው እኮ የሚያሳርረኝ፤ እንደማልነግረው ታውቃለህ! ራሴን ላጭተው፣ ኖራ ቀብተው እንደ ሌባ ሲያዞሩኝ አልተናገርኩም። ልጅህ በአባቷ ሙት ዓመት ከውሻ ጋር ትበላለች። አንተ የጨው ነገር ታወራለህ!»

ኪየም የዶሮውን ጭን ከአፉ መለሰው። ከስቷል፤ ጆሮው ላይ አዲስ ጠባሳ ወጥቷል። «ጦርነቱ ትንሽ ነው የቀረው» አለ። «ዝናቡ ሳይገባ ያልቃል ብለውናል።»

«እኔ ስወለድም ዝናቡ ሳይገባ ያልቃል ብለው ነበር። አባቴ እንዲያ እንዳለ ነው አፈር የገባው። ታረቁ ተባለ፣ ሩዝ ተከልን። ተጣሉ ተባለ፣ ሩዙ ነደደ። እንደገና ታረቁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው! ይሄ ጦርነት ነው ወይስ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ?»

ኪየም ሳቀ። የሚያናድደው ይህ ሳቁ ነው፤ ሰው ሲቆጣው ነው የሚመጣበት። «ታዲያ ማሳችንን ለነጩ እንተውለት? ቡናውን ይትከልበት?»

«ማን ተዉለት አለ? ማሳው የአባቴም ነው። አትተዉለት! ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ እንደ ሰው በፊት በር ግባና እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ‹ይቺ ልጄ ናት› በል። ከዚያ ከፈለግህ ተመልሰህ ሙት።»

ሳቁን ተወ። የጨውን ቀሰም ከእጇ ተቀበለና ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «የሚቀጥለው ሙት ዓመቴ ላይ በፊት በር እገባለሁ። ቃሌ ነው።»

ቃሉን ስንት ጊዜ ሰጥቷት ያውቃል! ሆኖም በዓመቱ የጫካው ትልቅ አለቃ ተገደለ፤ የቀሩትም ሁለት ሦስት እየሆኑ እጃቸውን ይሰጡ ጀመር። ጠመንጃውን ላስረከበ የምሕረት ወረቀት ይሰጠዋል ተባለ፤ አንዳንዱን ደግሞ መርከብ ላይ ጭነው ለግዞት ይልኩታል ተባለ። ኪየም መንደር ለመንደር እየዞረች ሸክላ በምትሸጥ ባልቴት አፍ ላከባት፤ «ጠመንጃዬን አስረክቤ በቀኔ፣ በእኩለ ቀን፣ በፊት በር እመጣለሁ። ዶሮዋ ወፈር ያለች ትሁን።»

ሙይ ሴንን አጠበቻት፤ በሕይወቷ የመጀመሪያውን አዲስ ልብስ አለበሰቻት። ሾርባው ውስጥ ሆን ብላ አንዲት ቁንጣሪ ጨው አልጨመረችም። ሦስት ዓመት ከግድግዳ ኋላ ሲያንሾካሹክባት ኖሯል፤ ዛሬ በሹሙ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ፣ «ጨው የለውም» ይበላት። በዚህ ሐሳብ ብቻዋን ስትስቅ እማማ ንጋን አይተው፣ «ምን ሆንሽ?» አሏት። «ባል ሊመጣልኝ ነው» አለች።

እኩለ ቀን ሆነ። ካፊያ እያካፋ ነበር፤ ከአጥሩ በር ወዲያ ከጭቃው መንገድ በስተቀር የሚታይ የለም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አረቄው ሁለት ጊዜ ዞረ። ሹም ላት ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። የሙይ ደም ፈላ። ፈሪ! በጓሮ ነው የገባው፤ እንደ ልማዱ ቅርጫት መሀል ቁጭ ብሎ ነው! ወደ ጎተራው ሮጠች። ቅርጫቶቹ አሉ። አንዲት ዶሮ እንቁላሏ ላይ ተኝታ አየቻት።

ተመልሳ ሾርባውን አቀረበች። ከመደቡ ፊት ስትንበረከክ ጆሮዋን ሸምበቆው ላይ ለጠፈች። ዝም። ተንቀሳቀሰች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ለጠፈች። እባክህ አለች በልቧ፤ እባክህ፣ ስደበኝ።

«ሾርባው ጨው የለውም» አለ ሹም ላት ከወደ ራስጌው። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ የለውም» ተባባሉ።

በዚህ መሀል ጓዳ በር ላይ ሸክላ ሻጯ ባልቴት መጣች። ማሰሮዎቿን አላወረደችም። ከጉያዋ አንድ የቀርከሃ ቀሰም አውጥታ ሙይ እጅ ላይ አስቀመጠችው። የሙይ ቋጠሮ ነው፤ ማንም እንደሷ አያስርም።

«እጁን ሊሰጥ ሲወርድ ነው አሉ» አለች ባልቴቷ ቀስ ብላ። «ጠመንጃውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ። የወንዙ መሻገሪያ ላይ የነበሩት ወታደሮች ሳይጠይቁ ተኮሱ። እንጨት ለቃሚዎች ቀበሩት።»

«መቼ?»

«አሥር ቀን ይሆናል። ከዚያም ያልፍ ይሆናል። የቆጠረ ሰው የለም፣ ልጄ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለውሸቱ የፈሰሰው የሙይ እንባ ለእውነቱ ጠፋ። የመጣላት ንዴት ብቻ ነበር፣ ያ የድሮው ንዴት። እንግዲህ ማንን ልትቆጣ ነው?

ሳጥኑን ከፈተች። የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ ወዲህ አጣጥፋ ያኖረችውን ነጭ ጨርቅ አወጣችና፣ እንግዶቹ መሀል ቆማ፣ በጥርሷ ለሁለት ቀደደችው። ሰፊውን በራሷ ላይ አሰረች። ከዚያ ሴንን ከጓዳው በር አንስታ፣ ከመደቡ ፊት አቁማ፣ ጠባቡን በልጅቷ ግንባር ላይ አሰረችው።

ሹም ላት መመገቢያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። «ምን ማድረግሽ ነው? ይህን የሚያስር የሟች ልጅ ነው።»

«አዎን።»

«ሰውየው ከሞተ አራት ዓመቱ ነው! ልጅቷ ሦስት እንኳ አልሞላትም። ወረቀቱን ያመጣሁልሽ እኔው ነኝ።»

«ወረቀትዎ ቸኩሏል፣ ክቡር ሹም። ሰውየው የሞተው ገና አሁን ነው። እስከ ዛሬ በየዓመቱ እዚሁ ነበር፤ እርስዎ ጀርባዎን ከተደገፉት ግድግዳ ኋላ። ዶሮው ሁልጊዜ አንድ ጭን የሚጎድለው ለምን ይመስልዎት ነበር? እንግዲህ ፈልጉት። እንግዲህ ቤቱን አቃጥሉ!»

ሹም ላት ዞር ብሎ የተደገፈውን ግድግዳ አየ። ሴን ጨርቁ ቢያሳክካት ጎትታ አወለቀችው። ያኔ እማማ ንጋን ከጥጋቸው ተነሡ። ቅጠላቸውን ተፉና ጨርቁን ከምንጣፉ አንስተው በልጅቷ ግንባር ላይ መልሰው አሰሩት። «አታውልቂው፣ የልጄ ልጅ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «የአባትሽ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ታዲያ... እንግዲህ ሙት ዓመቱ መቼ ሊሆን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ቀኑን የቆጠረ የለም» አለች ሙይ። «በዚሁ ይሁን። ለምዶታል።»

የቀሰሙን ቋጠሮ ፈታች። ጨው ግማሽ ድረስ አለ። በመደቡ ላይ ለኪየም የቀረበው ሾርባ ውስጥ ቆንጥራ ጨመረች፤ ቀመሰችው፤ ደግማ ጨመረች።