በሃምሳው የጾምነው ጾም

ኧረ እኔ እናገረዋለሁ! ሌላው ዝም ቢል ይበል። ትናንት የግንቦት ሚካኤል ማኅበራችን ተረኛ ጁምዓ ነበር። ክርስትና ተነሥቶ ወልደ ሚካኤል ከተባለ ገና መንፈቁ ነው። የክርስትና አባቱም የእኔው ባል፣ ፈንታው ነው።

እኛ ከጦሩ ጋር መጥተን አሶሳ የሰፈርን ነን፤ ጁምዓ ግን የአገሩ ሰው ነው። ማተብ ካሰረ ወዲህ ወንድሙ ሻዕባን እንኳ እሱ ያረደውን አይቀምስለትም። ከእኛ በቀር አብሮት የሚበላ ወገን የለውም። ሚስቱ ኸድራ አልተጠመቀችም። «መጀመሪያ ሰዎቹን ልያቸው» ስትል ከርማ፣ ለፊታችን እሑድ እሺ ብላ ነበር። የክርስትና እናቷ ደግሞ እኔ፣ ጉድ በሉ!

ጁምዓ ፍየሉን «በስመ አብ» ብሎ አረደ። ኸድራ በባሚያ ሠርታ ከማሽላ ገንፎ ጋር አቀረበች። ቄስ ታፈረ ጸሎት አድርሰው ባረኩ። ከዚያ ማንም እጁን አልዘረጋም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በጆሮዬ፣ «ቢላዋው እኮ ያው የድሮው የእስላም ቢላዋ ነው» አለችኝ። ባሌ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ልጄ፣ አትቀየመን፤ ዛሬ እኮ ጾም ነው» አለ።

«አዎ፣ ጾም ነው» አለ አንዱ። ሌላውም ተከተለ። እኔስ? ምላሴን ይቁረጠውና፣ እኔም «አዎ» አልኩ።

በሃምሳው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት! ለጁምዓ ግን የመጀመሪያው ፋሲካ ነውና አመነን። ክው አለ። «ወይኔ! በጾም ቀን አረድኩ!» ብሎ ልጆቹን ከገበታው አራቃቸውና ቄሱ እግር ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ አላወቅኩም። ንስሐ ስጡኝ።»

ቄስ ታፈረ መሬት መሬት እያዩ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። እውነቱን ግን አልነገሩትም። ትንሿ ልጁ ሥጋውን እያየች ታለቅሳለች። እዚህ ላይ አልቻልኩም።

«ኧረ ሰዎች፣ ፈጣሪን ፍሩ! የምን ጾም ነው? ዋሽተነው ነው!» ብዬ ከሥጋው አንስቼ ጎረሥኩ።

ጁምዓ ከወደቀበት ቀና ብሎ የክርስትና አባቱን ፊት ፈለገ። ፈንታው አቀረቀረ። ሌሎቹም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኸድራ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበን ይሻል ነበር። ገበታውን ከፊታችን አነሣችና ወደ እኔ ዞረች።

«የዝናሽ፣ ጥምቀት ሰውን ያጸዳል ብለሽኝ ነበር። ጁምዓን አላጸዳውም?»

እሷም መልሴን ሳትጠብቅ ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።