ስሟ የተቀየረ መርከብ

ጤናዬ መርከቧን በቴሌቪዥን ስታያት የወንድሟ መርከብ መሆኗን አላወቀችም። ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምሳ ሰዓት ነበር። ወታደሮች ከሄሊኮፕተር በገመድ ወርደው ካሪቢያን ባሕር ላይ አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሲይዙ ያሳያል። ነዳጁ የተጫነው አሜሪካ ማዕቀብ ከጣለችበት አገር ነው ተባለ። የወንድሟ መርከብ ስም ሌላ ስለነበር ምሳዋን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በአምስተኛው ቀን እንዳልክ ደወለላት። እንዳልክ የእናቷ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር የመርከብ ምሕንድስና ተምሮ ባሕር ላይ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ቴክሳስ ወደብ ላይ ነኝ ሲላት ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከዚያ የሆነውን ነገራት። በቴሌቪዥን ያየቻት መርከብ የእሱ ነች፤ መንገድ ላይ ስሟም ባንዲራዋም ተቀይሯል። ማንም አልመታቸውም፣ በደንብ ይበላሉ፣ ግን ያለ ፈቃድ ከመርከቧ መውረድ አይችሉም። እስረኛ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

"እሱን እኛም እየጠየቅን ነው" አላት።

ሌላም ጣጣ ነበረበት። የመርከቧ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጠበቃ ልኮ ለሠራተኞቹ የሚፈርሙት ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱ መርከቧ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሕጋዊ ባንዲራዋ ስትጓዝ እንደነበር፣ ስሟም እንዳልተቀየረ የሚመሰክር ነው። የፈረመ ሌላ መርከብ ላይ ይቀጠራል፤ ያልፈረመን ግን ከእንግዲህ የሚወስደው መርከብ አይኖርም ተባሉ። ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነው።

እሑድ ጤናዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች ልጇን ሩቲን ይዛ ካፒቶል ሂል ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ኃይሌ ሄደች። ጋሽ ኃይሌ ዴንቨር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። የባሕርን ሕግ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልመጣላትም።

እዚሁ አገር የተወለደችው ሩቲ እናቷ ነገሩን ተናግራ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። "ኢሊጋል ነው እኮ፣ ጋሼ። የሰው አገር ኦይል ነው። እኛን እንዲህ ቢያደርጉን ፓይረሲ ነው የምንለው።"

ጋሽ ኃይሌ የባሕር ዘረፋ ማለቷን አልተቃወሙም። መርከብ በክፍት ባሕር ላይ የምትተዳደረው በባንዲራዋ አገር ሕግ ነው፤ የሌላ አገር ወታደር ዝም ብሎ አይወጣባትም አሉ። ማዕቀቡ የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ባሕሩን ሁሉ አይገዛም። ነገር ግን መርከቧ አገር ከሌላት፣ ወይም የያዘችው ባንዲራ የውሸት ከሆነ፣ ያገኛት የጦር መርከብ ወጥቶ ሊፈትሻት ይችላል። ፈትሾስ መውረስ ይችላል ወይ ሲባል የሕግ ሊቃውንቱም አይስማሙም።

"እንግዲህ ሁሉም ነገር ባንዲራዋ ላይ ነው የሚቆመው" አለች ጤናዬ።

"አዎ። ጠበቃው ፊርማ የሚለምነው ለዚህ ነው።"

ታዲያ ይፈርማ አለች ጤናዬ። የሚጣሉት መንግሥታትና ኩባንያዎች ናቸው፤ እሱ የማንም ወገን አይደለም፣ እንጀራውን ነው የሚጠብቀው። ጋሽ ኃይሌ የራሳቸውን ነገሯት። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲወድቅ በመርከባቸው ወደ የመን ሸሹ። የወደቡ ሹም መርከቧ ላይ ወጥቶ በማን መንግሥት ስም መጣችሁ ሲላቸው አዛዣቸው ባንዲራውን አሳየ። ባንዲራው ተሰቅሏል፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ።

"ልጁ ያለበት ይገባኛል" አሏት። "ግን መርከቧ በሕግ ተያዘች አልተያዘች የሚለው የዳኛ ሥራ ነው። እሱ ምስክር ነው። ያየውን ብቻ ይናገር።"

ጤናዬ ተቀየመች። እርስዎ የሚያጡት ነገር የለም አለቻቸውና ሩቲን ይዛ ተነሥታ ሄደች። ኦሮራ ሃቫና ስትሪት ላይ መብራት ይዟት እንደቆመች እንባዋ መጣ፤ መኪናዋን አንድ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጋ ደወለችላቸው። ይቅርታ ጠይቃ ሳትጨርስ ቴክሳስ አብሬሽ እሄዳለሁ አሏት።

እንዳልክን ረቡዕ ዕለት ወደቡ አጠገብ ባለ የመርከበኞች ማረፊያ አገኙት። የተፈቀደለት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ጤናዬ አቅፋው ገና ሳትቀመጥ እባክህ ፈርም፣ እማዬን አስባት አለችው። እሱ ግን የሠራውን ነገራት። ካፒቴኑ አዝዞት ከቆርቆሮ ላይ አዲሱን ስም ፊደል በፊደል ቀዶ አወጣ። መርከበኞቹ ደግሞ በገመድ ተንጠልጥለው ቆርቆሮውን እየለጠፉ ቀለም ቀቡ።

"በእጄ ነው የቆረጥኳቸው፣ እታለም። ስሟ አልተቀየረም ብዬ እንዴት ልፈርም?"

ጋሽ ኃይሌ ወታደሮቹ ሲወጡ ምን እንዳሳዩአቸው ጠየቁት። ካፒቴኑ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲጠይቅ ሰምቷል፤ ወረቀት ግን አላየም።

"እሱንም ተናገር" አሉት። "ለአንዱ ወገን የሚመቸውን ብቻ አትምረጥ።"

ጤናዬ የወንድሟን እጅ ያዘች። ሥራውን እንደሚያጣ ታውቃለች። እሱም ያውቃል፤ ገና ስትገባ ፊቱ ላይ አይታዋለች።

"እንግዲያው ሁለቱንም ተናገር" አለችው በመጨረሻ። "ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ።"

ከሃያ አንዱ ሠራተኞች ያልፈረሙት ስድስቱ ናቸው። እንዳልክ ሁለት ቀን ቃሉን ሰጠ። የመንግሥት ጠበቆች የቆርቆሮውን ነገር ወደዱት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላየሁም ማለቱን አልወደዱትም፤ የኩባንያው ጠበቃ ደግሞ በተቃራኒው። ከሰባት ሳምንት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሩቲ የፍርድ ቤቱን ወረቀቶች ከኢንተርኔት እያወረደች ታነባለች፤ አሁንም ዘረፋ ነው ትላለች፣ ግን እንደ በፊቱ አትቸኩልም።

እንዳልክን የጠራው መርከብ የለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ክሬን ይጠግናል። የመርከቧ ወጥ ቤት የነበረው ፊሊፒናዊ አልፎ አልፎ ይጽፍለታል። ሰውዬው ፈርሟል፤ አራት ልጆች አሉት። እንዳልክ ስለ ፊርማው አንሥቶበት አያውቅም። አሁን የትኛው ባሕር ላይ እንዳለ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይነግረዋል።