ኤርማኖ በማዳመጫው የተናገረው

ኤርማኖ ሚላኖ ከገባ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎታል። ሚስቱ ሮዛንጀላ እየደወለች «ዛሬስ ምን በላህ?» ስትለው «ሪዞቶ» ይላል፤ ውሸቱን ነው። ውሸቱን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ ከምግብ የዘጋው ምን እንደሆነም አይጠፋትም። «አየኸው?» ትለዋለች። «ከሩቅ» ይላታል። ከዚያም ስልኩን ቶሎ አይዘጉትም።

የሚያወሩት ስለ ሎሪስ ነው። ሎሪስ ብሬሻ አጠገብ ወዳለችው፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር አጥሯ ወደሚንቀጠቀጠው የኤርማኖ የቴኒስ ክለብ ሲመጣ ገና የፊት ጥርሱ ወልቆ አልተተካም ነበር። ራኬት አያያዝ ያሳየው ኤርማኖ ነው። ከየውድድሩ በመኪና ሲመልሰው፣ ተሸንፎ ሲያለቅስ መሀረብ የሚያቀብለው፣ ጉልበቱን ሲያመው የሚያሽለት ኤርማኖ ነው። እናትና አባቱ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ ሲጀምሩ፣ ልጁ ቀስ በቀስ ሻንጣውን ወደ አሰልጣኙ ቤት አመጣ። ኤርማኖና ሮዛንጀላ ልጅ አልወለዱም። እንግዲህ የቀረውን መንገር አያስፈልግም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ስፔን ያለ ትልቅ ማሰልጠኛ ጠራውና ሄደ። መሄዱስ ይሁን፤ ማንም ቢሆን ይሄዳል። ኤርማኖን የሚያንገበግበው ስንብቱ ነበር። አንድ አጭር መልእክት በስልክ፦ «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።» ሁሉም ነገር ማለት ምን ማለት ነው፣ እስኪ ንገሩኝ። ኤርማኖ ደግሞ ኩሩ ነው፤ መልስ አልሰጠም፤ «ራሱ ይደውል» አለ። ልጁም አልደወለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ።

በመሃል ታዴይ መጣ። ከድንበር ማዶ፣ ከስሎቬኒያ፣ ዝም ያለ ረጅም ልጅ። የሎሪስን ክፍል ሰጡት። የቀረበለትን ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ኤርማኖን «ኮች» እያለ በአንቱታ ያነጋግረዋል፤ ሦስት ሰዓት ሥራ ቢሉት አራት ይሠራል። ኤርማኖ ይወደዋል። ይወደዋል እንጂ፣ ምን ጎደለው ብሎ ይጠላዋል? ግን ሮዛንጀላ ጠረጴዛ ስታሰናዳ አልፎ አልፎ ተሳስታ «ሎሪስ፣ ና ብላ» ትላለች፤ ታዴይም ምንም ሳይል መጥቶ ይቀመጣል።

ይህ የሚላኖው ውድድር የዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በላይ የሆነው አይገባበትም። ታዴይ ሃያ አንድ ሞልቶታል፤ ከዚህ ወዲያ በሩ ተዘግቶበታል ማለት ነው። እዚህ ያሸነፈ ስሙ ይጠራል፣ ትልልቆቹ ሜዳዎች ይጋብዙታል። የተሸነፈ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ይመለሳል፤ ካልሲውን በሆቴል መታጠቢያ ቤት እያጠበ ሌላ ዓመት ይታገላል። ታዴይ ይህን ሁሉ ያውቃል። ለግማሽ ፍጻሜው ከማን ጋር እንደተደለደለ ሲነገረውም ፊቱ አልተለወጠም። «ሎሪስን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ኮች» አለ፤ «ታድለናል።»

«አዎ፣ ታድለናል» አለ ኤርማኖ። የድልድሉን ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በዚህ ውድድር አንድ ሌላ ቦታ የሌለ ወግ አለ። አንድ ጨዋታ እስከ አምስት ዙር ይሄዳል፤ በየዙሩ ማብቂያ ተጫዋቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጆሮ ማዳመጫ ያጠልቃል፣ አሰልጣኙም ከተመልካቹ መካከል እንደተቀመጠ ያናግረዋል፤ ከሁለቱ ተጫዋቾች ያንደኛው ንግግር ደግሞ ተመርጦ ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ኤርማኖን ከመጀመሪያውም አልጣመውም። «ምክርና ኑዛዜ በአደባባይ አይሆንም» እያለ ያጉረመርም ነበር። ሎሪስም እንደሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳምንቱን ሙሉ ማዳመጫውን ነክቶት አያውቅም፤ ዙር ባለቀ ቁጥር ማዳመጫው ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ኤርማኖ ይህን አይቶ በልቡ ኮርቷል። የኔ ትምህርት ነው፣ ብሎ።

ጨዋታው ተጀመረ። ታዴይ እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ፤ ሎሪስ ሁለተኛውን፤ ታዴይ ሦስተኛውን። በአራተኛው ዙር አዳራሹ ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ሎሪስ ያገሩ ልጅ ስለሆነ ጩኸቱ ለሱ ነው። ዙሩን እንደምንም አሸነፈ፤ ግን ሰርቩ፣ ማስጀመሪያ ምቱ፣ እየተበላሸ ነበር። አንዴ መረብ ላይ፣ አንዴ ከመስመር ውጭ። ሕዝቡ «ደከመው» ይላል። ኤርማኖ ግን ምክንያቱን አይቶታል፤ ኳሷን ወደ ላይ የሚወረውርባትን ግራ እጁን ቶሎ ያወርዳታል። በልጅነቱም ሲጨነቅ እንዲሁ ያደርግ ነበር። እጁ ስትወርድ ትከሻው ይከተላታል፣ ኳሷም መረብ ውስጥ ትገባለች። አምስተኛው፣ የመጨረሻው ዙር ቀረ። ሎሪስ እንዲህ ሆኖ ከቀጠለ አለቀለት።

ሎሪስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ትልቁን ፎጣ ራሱ ላይ ጣለ። ኤርማኖ ከላይ ሆኖ አየው። የተጎነበሰው ጀርባ፣ ያ ፎጣ፤ ተሸንፎ በመኪናው የኋላ ወንበር እንዲህ ነበር የሚደበቀው። ኤርማኖ ዓይኑን ከዚያ ማንሳት አቃተው።

«ኮች፣ ምን ላድርግ?» አለ ታዴይ በማዳመጫው። ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ግራ እጁን ቶሎ እያወረደ ነው» አለ ኤርማኖ። «ሁለተኛ ሰርቩ ደካማ ነው የሚሆነው። ወደፊት ገብተህ ጠብቀው።»

«እሺ። ሌላስ?»

ሌላማ አልነበረም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን የገዛ ድምፁ ከጣሪያው እየተመለሰ ሲሰማው፣ ያ በፎጣ የተሸፈነ ራስ እየሰማው እንደሆነ ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል የሚያደርስበት መንገድ አጥቶ ነበር፤ አሁን መንገዱ እጁ ላይ ነው።

«እጅህን ላይ አቆያት፣ ልጄ» አለ። «አትቸኩል። ኳሷ የትም አትሄድም። እጅህን ብቻ አታውርዳት። ማንም ሊወስድብህ አይችልም… ደህና ነህ አይደል? ጉልበትህን አያምህም?»

ታዴይ ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ቀና ብሎ ኤርማኖን አየው፤ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀና ቦታው መለሰው። ከኋላ አንድ ወሬኛ «ሽማግሌው ማንን እንደሚያሠለጥን ጠፋው» ብሎ ሰው አሳቀ።

ዳኛው ጠራቸው። ሎሪስ ሊመታ ቆመ፣ ኳሷን ወረወራት። ግራ እጁ ላይ ቀረች። ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል። ኳሷ ታዴይ ሳይንቀሳቀስ አለፈችው።

ሰማኝ፣ አለ ኤርማኖ በልቡ። ሰማኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ያየው የሎሪስን ግራ እጅ ብቻ ነው፤ በወጣች ቁጥር እሱም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል፣ ላይ ስትቆይለት ይተነፍሳል። የተሸነፈው የራሱ ተጫዋች ታዴይ መሆኑን ያስታወሰው ጨዋታው አልቆ ሁለቱ መረቡ ላይ ሲጨባበጡ ነው።

ወደ መልበሻ ክፍሎቹ በሚወስደው መተላለፊያ ሎሪስን አገኘው። አድጓል፤ ትከሻው ሰፍቷል፤ ጢም ቢጤ ጀምሮታል። እጁን ዘረጋ። «ሰላም ነዎት?» አለው፤ ልክ እንደ ባንክ ሠራተኛ።

«እጅህ» አለ ኤርማኖ። «ላይ አቆየሃት። ሰማኸኝ አይደል?»

«ምኑን?»

«ያልኩትን ነዋ። በድምፅ ማጉያው።»

ሎሪስ ትንሽ አሰበ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ጭንቅ ስለሆነብኝ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን አደረግኩ፣ ከፎጣው ስር። የስፔኗ አሠልጣኜ፣ ፒላር፣ ነበረች የምታወራኝ። እጅህን ቶሎ አታውርድ አለችኝ።» ፈገግ አለ። «ጎበዝ ናት። ሮዛንጀላን ሰላም ይበሉልኝ።»

ሄደ። ሰዎች ጠበቁት፣ ትከሻውን መቱት፣ ከበቡት። ኤርማኖ ግድግዳውን ተደገፈ። ሎሪስ ደህና ሰው እጅ ላይ ነው፤ ያስለቀሰውም ይኸው ነው።

ታዴይን ውጭ አገኘው፤ ሻንጣውን ጎኑ አድርጎ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ትራም ከሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ። መኪናው ጋ አልሄደም። ኤርማኖ ከጎኑ ተቀመጠ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲፈልግ ልጁ ቀደመው።

«እናቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ኮች። ለጥቂት ቀን።»

«ትመለሳለህ?»

«እንጃ።»

«ታዴይ፣ እዚያ ላይ የተናገርኩት—»

«ተዉት። ነገሩ ገብቶኛል። እኔም ብሆን…» አቋረጠ። የጫማውን ክር ፈቶ እንደገና አሠረ። «ሁለት ዓመት ቤትዎ ስኖር ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ማዳመጫው ውስጥ ሲሉኝ ለእኔ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎ አልችልም። ስለ ጉልበቴ እስኪጠይቁኝ ድረስ።»

ትራሙ መጣ። ታዴይ ተነስቶ ሻንጣውን አነሳ። ኤርማኖም ተነሳ፤ «ልጄ» የምትለው ቃል አፉ ውስጥ ነበረች፤ ሊጠራው ፈለገ። ግን አሁን ቢላት፣ የቱ ልጅ ነው ለእኔ ነው ብሎ የሚያምነው? በሩ ተዘጋ፤ ታዴይም ከመስኮቱ በኩል እጁን ከፍ አድርጎ በአክብሮት ተሰናበተው።