በጓንት ጀርባ የተጻፈ ክብደት

ኦሪን ቲሰን የግራ እጁን ገልብጦ አየ። ጓንቱ አዲስ ነው፤ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ፊደል የሌለበት። ክብደቱን የጻፈበት ጓንት ይህ አይደለም።

ከአንድ ሰዓት በፊት ሁለተኛውን ናሙና ሲመዝን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ነበር። ዳርሲ ፔልቲየር ከሚዛን ክፍሉ በር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ሰለቻትና፣

«አንተ፣ ሚዛኑን ልታገባው ነው እንዴ? ውጣልን እንጂ!» አለችው።

በኋላ እገለብጠዋለሁ ብሎ ክብደቱን በጓንቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጫር ጫር አድርጎ ወጣ። ከዚያ ፈሳሽ ጠብ አለበትና ጓንቱን አውልቆ ጣለው። የቆሻሻውን በርሜል ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ አሽገው ወስደውታል።

ይህ የኬሚካል ትንተና ኮርስ ተማሪው ወዶ የሚመርጠው ነው ይባላል፤ ኦሪን ግን ምርጫ አልነበረውም። ከሳስካቱን ከተማ ወዲያ ያለ የፖታሽ ማዕድን ላቦራቶሪ ለሰኔ ሥራ ሰጥቶታል፤ በደብዳቤው ግርጌ ግን «ይህን ኮርስ ካለፉ ብቻ» ይላል። ዛሬ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ነጭ ዱቄት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ተሰጥታዋለች፤ ከዱቄቱ ከመቶ ስንቱ አሲድ እንደሆነ ደርሶበት አንድ ቁጥር ማስረከብ ነው። ቁጥሩ ከእውነተኛው ከሦስት አሥረኛ በላይ ከራቀ ወደቀ።

የኦሪን የመጀመሪያ ሙከራ 35.4 ሰጥቶታል። በሦስተኛው ሙከራ መስኮቱ ላይ የሚጋገረውን በረዶ እያየ በሐሳብ ሲነጉድ፣ ፈሳሹን በጠብታ የሚለካው ቀጭን ቱቦ፣ ቡሬቱ፣ ያለ ልክ አንጠባጥቦበት ከሥሩ ባለው የመስታወት ፍላስክ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደም መሰለ። ሁለተኛው ግን፣ አሲዱ ልክ ሲያልቅ መሆን እንዳለበት፣ ስስ ሮዝ ሆኖ ነበር የቆመው። የጠፋው የእሱ ክብደት ነው።

እርግጥ ከአእምሮው ጨርሶ አልጠፋም። ወይ 1.0247 ግራም ነው፣ ወይ 1.0427። በፊተኛው ሲያሰላው 35.4 ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር ፍጹም አንድ። በኋለኛው ሲያሰላው 34.8።

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አለች ዳርሲ ከጎኑ።

ነገራት።

«እና የሚገጥመውን ጻፋ! ምን ያስጨንቅሃል?»

«ምናልባት እሱ ይሆናል።»

«ነው እንጂ! ደግሞ ቶሎ በል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሣና ደብተሩ ላይ 1.0 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ሁለትን ለመጻፍ እጁ ሲሄድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያንን ጓንት አንድ ጊዜ ብቻ አጥርቶ ለማየት። ጓንቱ መጣለት፤ በላዩም 1.0247 ተጽፎበታል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ 1.0427 ሆኖ መጣ፣ ያው በራሱ እጅ ጽሕፈት። ትዝታው የፈለገውን ሁሉ ያሳየዋል ማለት ነው። ደንግጦ ተነሣ።

መምህርቷ ዶክተር ፓውሉክ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ወረቀት ያርማሉ።

«ዶክተር፣ ሁለተኛውን ክብደት ጓንት ላይ ጽፌው… ጓንቱን ጣልኩት።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ጓንት ላይ።»

«አዎ።»

«መጪው ዓመት ደግሞ አንዱ ግንባሩ ላይ ይጽፍልኝ ይሆናል። በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርገህ። የሆነውን ከጎኑ ጽፈህ ፈርም። ሃያ ሁለት ደቂቃ አለህ።»

«ዱቄቱ እኮ አልቋል።»

«ጠርሙሱን ገልብጠህ አንኳኳው!»

አንኳኳ። ከታችም ከጥጋጥጉም የወጣው አንድ ቁንጥር አይሞላም፤ 0.3812። በዚህ መጠን ላይ አንዲት ጠብታ ብትተርፍ ሁሉን ነገር ታጠፋዋለች። አሁን ደብተሩን በብብቱ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቡሬቱን ከፈተ። ስድስት ሚሊ ሊትር ላይ ሲደርስ ሮዙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እጁን አዘገየ። ከቡሬቱ ጫፍ ግማሽ ጠብታ አንጠልጥሎ በፍላስኩ ግድግዳ ጠረጋት፤ በውኃ አወረዳት። ጠፋ። ሌላ ግማሽ። ጠፋ። ሌላ ግማሽ ሲጨምር ስሱ ቀለም መጣና ሳይጠፋ ቆየ።

አሰላው፤ 34.8።

«ጉድ!» አለች ዳርሲ። «አሁን ማንኛውን ልትሰጥ ነው? ያ በሙሉ ግራም የሠራኸው፣ ይሄ በብናኝ!»

ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶታል። ብናኙን አምኖ ቢሳሳትስ? ወደ መጀመሪያው ሙከራ ገጽ ገለጠ። በራሱ ጽሕፈት፣ በቀለም፣ እንዲህ ይላል፦ «ከምድጃ ወጣ 8:10። ተመዘነ 8:16።»

ስድስት ደቂቃ። ዱቄቱ ከማድረቂያው ምድጃ ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቀዝቀዝ ነበረበት። ትኩስ ዕቃ በዙሪያው ያለውን አየር ወደ ላይ እያነሣ ሚዛኑን ያታልለዋል፤ ከክብደቱ አቅልሎ ያሳየዋል። ክብደቱ ካነሰ ደግሞ መቶኛው ከፍ ይላል። ኦሪን በ35.4 ላይ አንድ መስመር ሳበ፤ ምክንያቱን ጻፈ፤ ፈረመ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ደክሞ በእጁ የቀረው ያቺ የብናኝ ቁጥር ብቻ ናት። እሷኑ ወስዶ አስረከበ።

ዶክተር ፓውሉክ ከመሳቢያቸው የስምና የእውነተኛ ቁጥሮች ዝርዝር አወጡ። ጣታቸው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«34.9» አሉ። «ያንተው አንድ አሥረኛ ነው የራቀው።» ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። «ለጓንቱ አሥራ አምስት ነጥብ። ትኩስ ለመመዘንህ አሥር። በረዶ ስታይ ላፈሰስከው አሥራ ሁለት። ስልሳ ሦስት።»

ማለፊያው ስልሳ ነው።

«አለፍኩ?»

«ቡሬትህን ሳታጥብ ከዚህ ክፍል አትወጣም» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ሄዶ ማጠብ ጀመረ። ቧንቧውን ያለ ልክ ከፍቶት ውኃው እስከ ክርኑ አራሰው።