ምንም የማይፈጠርባት ልቦለድ

በልብስ ስፌት ቤታችን አንዱ ሲያነብ ሌላው ይሠራል። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ቀጭን የአየርላንድ ልቦለድ ይዤ መጣሁ። ቋንቋዋ እንደ ዜማ ይፈሳል፤ ከመጀመሪያው ገጽ ልቤን ወስዳዋለች። እህቴም ቁልፍ እየተከለች፣ "እስቲ ድገሚልኝ" ትለኛለች። ልብስ የሚተኩሰው አጎታችን ግን ነዘነዘን።

"ዝናብ ዘነበ፣ ሴትየዋ በመስኮት አየች! ይሄም ታሪክ ሆኖ? ምንም ነገር አይፈጠርም እኮ!"

ደሜ ፈላ። ጥርሴን ነክሼ ማንበቤን ቀጠልኩ። ሴትየዋ የሟች ባሏን ኮት አጥፋ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ዞር ስል አጎቴ ካውያውን የደንበኛ ሱሪ ላይ እንደጫነ ፈዞ ቀርቷል።

"አጎቴ፣ ሱሪው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሱሪው ገደል ይግባ!" አለኝ። "ኮቱን መልሳ አወጣችው?"